ያለ ምክንያት የቀረው ሮበሌ

ሰሎሞን አሽ የሚባለውን ሊቅ እፀገነት ያስቀመጠችው የከድጃ ሱቅ በር ላይ ነው። አሽ ማን ነው ብትሉ፣ አሜሪካ አገር ይኖር የነበረ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነው፤ መካኒሳ የምትባል ሰፈር በምድር ላይ መኖሯን የሰማም አይመስለኝም። እፀገነት ግን አንድ ቦታ ካላስቀመጠችው አይያዝላትም። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ቀን መሥሪያ ቤት ታይፕ ትመታለች፣ ማታ ኤክስቴንሽን ትማራለች፣ ከትምህርቱ ሁሉ ያንገሸገሻት ደግሞ ይሄ ሶሻል ሳይኮሎጂ የሚሉት ነው። ስሙ ሁሉ የፈረንጅ፣ ዓመቱም የፈረንጅ። ባለፈው ዓመት ወድቃበታለች፤ ዘንድሮ፣ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምህረት፣ እንደገና ወስዳዋለች።

ዘዴዋ እንዲህ ነው። ከቤቷ እስከ ታክሲ ፌርማታ ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። በየቀኑ ስትመላለስ በየበሩ አንድ አንድ ሊቅ ትተክላለች። ከድጃ ሱቅ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዛ ይሰለፋል፤ ሦስቱ "የዛሬ ነው" ካሉ፣ አራተኛው የደረቀውን ዳቦ በእጁ እየዳበሰ "አዎ የዛሬ ነው" ብሎ ይዞ ይሄዳል። ይኸው አሽ! አሽ ለሰዎች መስመር እያሳየ፣ የትኛው ከየትኛው እኩል እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። ከፊት ያሉት ተመካክረው አውቀው ሲሳሳቱ፣ መጨረሻ የተቀመጠው ምስኪን ዓይኑ የሚያየውን እየተወ አብሯቸው ይሳሳታል፤ ከሦስት መልስ አንዱን ያህል። ከሰዎቹ መካከል አንድ እንኳ እውነቱን የሚናገር ካለ ግን ምስኪኑ ልብ ያገኛል። እፀገነት ይህቺን የመጨረሻዋን ነጥብ በቀይ እስክሪብቶ አስምራባታለች፤ መምህሩ ፈተና ላይ ማምጣት ይወዳል ተብሏል።

ከሱቁ ዝቅ ብሎ የአቶ ሙሉሰው በር አለ፤ እዚያ ፌስቲንገር ቆሟል። አቶ ሙሉሰው አንዲት አሮጌ መኪና ገዝተው በየጠዋቱ ሰፈሩን ያስገፋሉ። መኪናይቱ በተበላሸች ቁጥር ውዳሴዋ ይጨምራል። ያን ሁሉ ለፍተው ሲያበቁ "ተሸወድኩ" ማለት ያማቸዋላ፤ ሰው ሐሳቡና ሥራው ሲጣሉበት ሥራውን ሳይሆን ሐሳቡን ያስታርቃል፣ ይላል ፌስቲንገር። ቀበሌው በር ላይ ሚልግራም አለ። ዘበኛው አሥራ አምስት ዓመት የሚያውቃትን እፀገነትን "መታወቂያ" ይላታል፤ ለምን ስትለው "ታዝዤ ነዋ!" ሚልግራም ካስቀመጣቸው አርባ ሰዎች ሃያ ስድስቱ "ቀጥል" ስለተባሉ ብቻ ሌላውን ሰው በኤሌክትሪክ የሚያነዝሩ መስሏቸው እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ ሄደውለታል። ድልድዩ አጠገብ ደግሞ የፈነዳ የውሃ ቧንቧ አለ፤ ሦስተኛ ሳምንቱን ይፈስሳል፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ "እስካሁን አንዱ አመልክቷል" እያለ ይዘለዋል። እዚያ፣ ተመልካች በበዛ ቁጥር የሚረዳ ይጠፋል ያሉት ላታኔና ዳርሊ ናቸው ጎን ለጎን። እፀገነትም አላመለከተችም፤ ምሳሌዋ እንዳይደርቅባት ይሁን አይሁን እንጃላት።

ድልድዩን እንደተሻገሩ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ይመጣል። የሮበሌ ቤት ነው።

ሮበሌ ክር ፋብሪካ የሚሠራ፣ አልጋ ከያዙ እናቱ ከእማማ ጫልቱ ጋር ሁለት ብቻቸውን የሚኖር ሰው ነው። ሰፈሩ ሲገባ ጥሩ ሰው ነበር አሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ምን እንደነካው አይታወቅም። ከኋላው "እንዴት ዋልክ?" ቢሉት ዞር አይልም። ከጎኑ ቢያልፉ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ሰፈሩም ፈረደበት፤ ኮራ ተባለ። ምን ይዞ ነው የሚኮራው፣ የፋብሪካ ቱታ ለብሶ ነው የሚኮራው፣ ተባለ። እፀገነት እዚህ በር ላይ ሁለት ሰው አስቀምጣለች፣ ሃይደርና ሮስን። ሃይደር የሰው ሥራ መነሻው ወይ ውስጡ ያለ ጠባይ ነው፣ ወይ ዙሪያውን የከበበው ሁኔታ ነው፣ እያልን እንፈርዳለን አለ። ሮስ ደግሞ ሌላ ሰው ላይ ስንፈርድ ጠባዩን እንጂ ሁኔታውን አናይም ብሎ ለዚህ ስህተት ስም አወጣለት። እፀገነት ለስህተቱ ምሳሌ ይዛለች፤ ታክሲ አጥቶ ያረፈደ ሠራተኛና "ሰነፍ" የሚለው አለቃው። ከሥሩ ግን እንዲህ ብላ ጨምራለች፦ "አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ እውነትም ጠባይ ነው። ለምሳሌ ጎረቤቴ ሮበሌ።" በዚህች መስመር ኮርታ ነበር፤ አይ እፀገነት!

የፈተናው ነገር ይቆየንና፣ ጉዳዩ የእድሩ ነው። እፀገነት እጇ ፈጣን ስለሆነ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ አድርጓታል። ሰው ሲሞት ጌቱ የሚባለው ጥሩንባ ነፊ ጎህ ሲቀድ ከበር በር እየዞረ ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። ቀብር ላይ እፀገነት መዝገቧን ዘርግታ ስም ትጠራለች። መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፦ "ተገኝቷል"፣ "በምክንያት ቀርቷል"፣ "ያለ ምክንያት ቀርቷል"። በዓመት ሦስቴ በዚያ በሦስተኛው ዓምድ የገባ ሰው ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል፣ ኮሚቴው ከፈረደበት ይሰረዛል። በዚያ ዓመት እድሩ ሦስት ሰው ቀብሯል። ሮበሌ ሦስቱንም ቀርቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ እፀገነት ሦስተኛው ዓምድ ላይ ምልክት አድርጋለች።

ይህ ሰውዬ ከተሰረዘ ምን ማለት እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እማማ ጫልቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ነገ የሚባሉ ናቸው። እሳቸው ቢሞቱ ድንኳን የሚተክል፣ አስከሬን የሚሸከም፣ ሦስት ቀን አብሮት የሚቀመጥ አይኖርም፤ ልጅየው እናቱን ብቻውን ሊቀብር ነው። ይህን እያወቀ ነው ሰው "ይገባዋል" የሚለው። ኮሚቴው ሰኔ ላይ፣ እሑድ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። የእፀገነት ፈተና ቅዳሜ ነው። ደብዳቤው ደግሞ ለሮበሌ በእጁ ደርሶ መፈረም አለበት፤ ያን ማድረስ የጸሐፊዋ ሥራ ነው። በካርቦን በሁለት ቅጂ መታችው፣ ሦስቱን ቀናት ዘረዘረች፦ ታኅሣሥ ሁለት፣ የካቲት ሃያ፣ ሚያዝያ አሥራ አንድ።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ከታክሲ ወርዳ ድልድዩ ጋ ስትደርስ፣ ሮበሌን ከወዲያ ማዶ ወደ ቤቱ ሲመለስ አየችው። ድልድዩን መሐል ለመሐል ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከኋላው አሸዋ የጫነ ገልባጭ መጣና ጥሩንባውን አስጮኸው። ሮበሌ ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ እጁን ጥሩንባው ላይ ጭኖ አላነሣም አለ፤ ቧንቧው ጋ እግራቸውን የሚታጠቡት ሰዎች "አሁንስ ለመኪናም ኮራ" እያሉ ሳቁ። እፀገነትም አፏ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ መሐል ላይ ሳቋ ቀረ። ሰው በሰው ላይ ይኮራል፣ እሺ። በገልባጭ ላይ ማን ይኮራል? ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ሮጠችና በኮቱ እጅጌ ጎትታ ወደ ዳር ወሰደችው። ሮበሌ ደንግጦ ዞረ፤ መኪናውን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

ብዙ ተናገረችው፣ ምን ነካዎት፣ አይሰሙም እንዴ፣ ሊሞቱ ነበር እኮ። እሱ ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም።

"ከፊቴ ሆነሽ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ" አላት። "ጆሮዬ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው።"

እፀገነት ደብዳቤውን ከቦርሳዋ ልታወጣ እጇን ሰዳ ነበር፤ እዚያው ቦርሳው ውስጥ ቀረ። አብራው እስከ አረንጓዴው በር ሄደች። እንድትገባ ጋበዛት፣ ገባች። አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ንጹሕ፤ አልጋው ላይ እማማ ጫልቱ በግራ ጎናቸው ተኝተዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መትቷቸው ምላሳቸው ተይዟል፣ ቀኝ እጃቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሮበሌ ነገሩን ቀስ አድርጎ አስረዳት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማሽን አጠገብ ቆሟል፤ ድምፁ ጆሮውን ጥቂት በጥቂት በላው። ይህን ፋብሪካው ካወቀ ማሽን ላይ አያቆመውም፤ ጡረታው ደግሞ ገና ነው፤ እናቱን በምን ያስታምማል? ስለዚህ ለማንም አልተናገረም። ሰው ሲጠራው የማይሰማ መሆኑ እንዳይታወቅ አንገቱን ደፍቶ ማለፍ ለመደ። ኮራ መባሉንም ያውቃል፤ ደንቆሮ ከሚባል ይሻላል ብሎ ተወው።

ያኔ ነው ደብዳቤውን የሰጠችው። አንብቦ ሲጨርስ ሦስት ቀብር መቅረቱን ሳይሆን ሦስት ሰው መሞቱን ነው ያየው፤ ሁለቱን በኋላ አውቋል፣ ሦስተኛውን ጭራሽ አላወቀም። ጥሩንባው መች ነው የሚነፋው ብሎ ጠየቃት። ጎህ ሲቀድ ነው፣ በርዎ ላይም ይነፋል፣ አለችው። እንደገና ቀኖቹን አየና ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አወረደ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የእናትህ ሕመም የሚብስበትን ቀን ያዝልኝ ብላው ነበርና፣ በዚያ ቀን ላይ በእርሳስ ክብ እያደረገ ይይዛል። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ክብ አለ። ታኅሣሥ ሁለት። የካቲት ሃያ። ሚያዝያ አሥራ አንድ።

በነዚያ ጠዋቶች እማማ ጫልቱ በደህናው እጃቸው የአልጋውን እንጨት እየደበደቡ ያለቅሱ ነበር። እሱ ሕመሙ የጠናባቸው መስሎት ደንግጦ ማስታገሻቸውን ይሰጣቸዋል፣ እስኪተኙ ጠብቆ ወደ ሥራው ይሮጣል። እሳቸው ጥሩንባውን ይሰማሉ፣ መናገር አይችሉም። እሱ መናገር ይችላል፣ አይሰማም። ሮበሌ አልጋው አጠገብ ተንበረከከና እናቱን በዓይናቸው እያየ "ጥሩንባውን ነው እንዴ?" አላቸው። እማማ ጫልቱ እንጨቱን አንዴ መቱት።

"ሦስት ጊዜ መድኃኒት ሰጥቼ አስተኛኋት" አለ ሮበሌ። ለእፀገነት ይሁን ለራሱ የተናገረው አይታወቅም።

እፀገነት እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ምን አባቷ ታድርግ። ለኮሚቴው ልንገርልዎት ብትለው በጭራሽ አለ። ከኮሚቴው ውስጥ ሁለቱ ፋብሪካው ውስጥ ዘመድ አላቸው፤ ወሬው ሳምንት አይፈጅም። ቃል ግቢልኝ አላት፣ ገባች። ፈረመላትና ቅጂውን ይዛ ወጣች። በዚያች ምሽት ደብተሯን ብትገልጥ "ለምሳሌ ጎረቤቴ ሮበሌ" የምትለዋ መስመር ፊቷ ድቅን አለች። አልሰረዘቻትም።

ቅዳሜ ፈተናው መጣ። እፀገነት በሐሳቧ ሰፈሯን ከላይ እስከ ታች ወረደች፤ ከድጃ ጋ አሽን አነሣች፣ አቶ ሙሉሰው በር ላይ ፌስቲንገርን፣ ቀበሌው ጋ ሚልግራምን፣ ቧንቧው ጋ ሁለቱን ጓደኛሞች። አራተኛው ጥያቄ ሮስ ስም ያወጣለትን ስህተት ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ሰጥታችሁ አስረዱ ይላል። የታክሲው ምሳሌ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም። ድልድዩን በሐሳቧ ተሻገረች፤ አረንጓዴው በር ጋ ቆመች፤ እስክሪብቶዋ እምቢ አለ። ከዚያ ስም ሳትጠቅስ፣ ምስጢሩን ሳታወጣ፣ በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ፣ ስለ አንዲት ጸሐፊ ጻፈች። ጸሐፊዋ "ያለ ምክንያት" የሚል ዓምድ ነበራት፤ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም። ትምህርቱን ታውቀዋለች፤ ምልክቱን ከማድረግ አላዳናትም። ገጽ ተኩል ሄደችበት። ሰዓቱ አለቀና አምስተኛው ጥያቄ በጅምር ቀረ። ስትወጣ ማለፏንም መውደቋንም አታውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በዚያን ሰዓት ትዝም አላላትም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮሚቴው የእድሩ ዕቃ ቤት ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ስምንት ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ከበበው ጡረታ የወጡ፣ ሥርዓት አጥባቂ ሰው ናቸው፤ ውሳኔ ሲሰጥ እያንዳንዱ ከቀኝ ጀምሮ በተራው ድምፁን ማሰማት አለበት። ጸሐፊዋ የምትቀመጠው ግራ ጥግ፣ መጨረሻ ላይ ነው። እፀገነት ይህን አግዳሚ ስድስት ዓመት ተቀምጣበታለች፤ የአሽ ወንበር መሆኑ የታወቃት ግን በዚያ ቀን ነው። መዝገቡን አነበበች፣ ሦስቱን ቀን ጠራች። አቶ ከበበው የራሳቸውን ድምፅ ሰጥተው ወደሚቀጥለው ዞሩ። ይሰረዝ። ይሰረዝ። ይሰረዝ። ይሰረዝ። ጥሩንባ ነፊው ጌቱ ስድስተኛ ነበር፣ እሱም ይሰረዝ አለ። ሰባተኛውም።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። እፀገነት ትምህርቱን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ትናንትና ጽፋ የመጣችው ነው፤ ሆኖም አራተኛው ሰው "ይሰረዝ" ሲል ምላሷ በራሱ ያቺኑ ቃል መሰናዳት ጀምሮ ነበር። ማወቅ ጉልበት አልሆናትም። የያዛት የቀን መቁጠሪያው ነው፤ ሦስቱ የእርሳስ ክቦች።

"እኔ አይሰረዝ እላለሁ" አለች።

አቶ ከበበው መነጽራቸውን አወለቁ። መዝገቡን የያዝሽው አንቺ፣ ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ፣ አሁን ምን አግኝተሽ ነው ቢሏት፣ መዝገቡን ከጭኗ ላይ አንሥታ አሳየቻቸው።

"ምልክቱን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ከበበው። 'ያለ ምክንያት' ብዬ የጻፍኩት ግን ሳልጠይቅ ነው። አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ፤ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ። ከእናንተ ውስጥ ሰውየውን አንድ ቀን የጠየቀ ካለ፣ እሱ ይንገረን።"

አንዱ አጉረመረመ፣ ምስጢር ብሎ ነገር በእድር የለም አለ፤ ሌላው ቆቡን አሸት አሸት አደረገ። አቶ ከበበው ነገሩን በሰባት ለአንድ ሊዘጉት አፋቸውን ሲከፍቱ ጌቱ እጁን አነሣ። ጌቱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም፣ ጥሩንባው ይበቃዋል። አንድ ጠዋት፣ አለ፣ የካቲት ላይ፣ እዚያ ሰውዬ በር ላይ ቆሜ እየነፋሁ በሩን ከፍቶ ወጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ባልዲ ይዞ አጠገቤ አለፈ፤ ዞር ብዬ ሳየው ደነገጠና ፈገግ ብሎ በእጁ ሰላም አለኝ፣ ውሃውን ሊቀዳ ሄደ። እኔ እያሾፈብኝ መስሎኝ እስከ ዛሬ ቂም ይዤበታለሁ።

ይህን ብሎ ጌቱ እፀገነትን አያት። አስተያየቱ ረዘም ያለ ነው። እፀገነት ዓይኗን መዝገቡ ላይ ጣለች። ጌቱ የቀረውን ከፊቷ ላይ አነበበው መሰለኝ፤ ፊቱ ቀስ ብሎ ተለወጠ።

"የእኔንም ድምፅ አንሡት" አለ። "አይሰረዝ።"

ሁለት ሲሆኑ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሰባተኛው እኔም በችኮላ ነበር አለ። ሦስተኛው እናቲቱን አነሣና አዘነ። አቶ ከበበው ለሥርዓቱ ሲሉ ትንሽ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ የሮበሌ ስም መዝገቡ ላይ እንዲቆይ፣ ጸሐፊዋም ከእንግዲህ ሳትጠይቅ ሦስተኛው ዓምድ ላይ እንዳትጽፍ ተወሰነ። ጌቱም ለራሱ አንድ ውሳኔ ጨመረ፤ እሱ ቤት ስደርስ ጥሩንባዬን አውርጄ በሩን ገፍቼ እገባለሁ አለ። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

የፈተናው ውጤት ሐምሌ ላይ ተለጠፈ። ሲ ፕላስ። አምስተኛው ጥያቄ ጎድቷታል፤ ቢሆንም አለፈች። ወረቀቷ ላይ፣ አራተኛው ጥያቄ ጎን፣ መምህሩ "ሰውየው በኋላ ምን ሆነ?" ብሎ ጽፎባት ነበር።

እማማ ጫልቱ ያረፉት ነሐሴ ላይ ነው። ሮበሌ ሊነጋጋ ሲል በዝናብ መጥቶ የእፀገነትን በር አንኳኳ፤ ቁመናው ነገራት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ አብራው ጌቱ ቤት ሄደች። ጌቱ ጥሩንባውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። ሦስቱም ድልድዩን ተሻግረው አረንጓዴው በር ፊት ቆሙ፤ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ጌቱ ጥሩንባውን ወደ አፉ አስጠግቶ ነበር፤ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ መልሶ አወረደው። የሮበሌን እጅ ያዘና መዳፉን ጥሩንባው ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ነፋ። እፀገነት ሮበሌን ከፊት ለፊት ቆማ ታየዋለች። ጌቱ የእማማ ጫልቱን ስም ሲጠራ ሮበሌ ከንፈሩን አየ፣ ደግሞ ሲነፋ መዳፉን ጠበቅ አደረገ።

"ሰማሁት" አለ።

ጌቱ ሦስቴ ነፍቶ ወደሚቀጥለው በር አለፈ፤ ሮበሌም ተከተለው፣ እጁን ከጥሩንባው ላይ አላነሣም ነበር።